ጥርኝ የነካው ቡና

የአባ ሞጋ ልጅ ነዚፋ በተወለደች ዕለት፣ ከማልቀሷ በፊት «ለምን?» ብላ ጠይቃለች ይባላል። አዋላጇ እስክትሞት ድረስ በዚህ ነገር ስትምል ኖራለች። አዋላጇ ደግሞ በሕይወቷ አንዴ ብቻ ነው የዋሸችው፤ እሱንም ዕድሜዋን ተጠይቃ ነው። ስለዚህ የሰዲ ቡርቃ ሰው ልጅቷን «ነዚፋ ለምን» አላት። አርባ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ አራት ልጅ ድራ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም።

ጥያቄዋ ሁሉ የጀመረው ከቡና ነው። ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል፣ ቀይ እሸት ቡና በጣቶቿ ጨመቀችና ሁለት ፍሬ ሲዘልላት እየሮጠች አባቷ ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ለምን ሁለት ሆኑ?»

«ባልና ሚስት ናቸዋ።»

«ለምን ባንድ በኩል ጠፍጣፋ ሆኑ?»

«በጠባብ አልጋ ፊት ለፊት ሲተኙ ሆዳቸው ተደፈጠጠ።»

በማግስቱ ደግሞ ውስጡ አንድ ድብልብል ፍሬ ብቻ ያለበት እሸት አገኘችና ይዛለት መጣች። «ይኼስ?»

«እሱ የፈታ ነው። አልጋው ሰፍቶት ሲንከባለል ክብ ሆነ።»

ይኼንን ሚስቱ ሰማች። አባ ሞጋ ያን ሳምንት ሙሉ ጠባብ አልጋ ሲያምረው ደጅ አደረ።

አባ ሞጋ ሲሞት ለነዚፋና ለታላቅ ወንድሟ ለጣሃ በጋራ የተወላቸው ከቤት ጀርባ ያለውን የቡና ጓሮ ነው። ስድሳ ሦስት እግር ቡና፣ በሦስት ዋንዛና በአንድ ትልቅ በርበራ ጥላ ሥር። ዛፎቹ ከማርጀታቸው የተነሳ አንዱ ለቃሚ ሲመጣ ቅርንጫፉን ራሱ ዝቅ ያደርጋል፤ ለቃሚው ካላመሰገነው ደግሞ ባርኔጣውን ያወልቅበታል።

ጣሃ የእህቱ ተቃራኒ ነው። ከተወለደ ጀምሮ አንድም ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። ገበያ ወጥቶ እንኳ «ስንት ነው?» አይልም፤ «ውድ ነው» ብሎ ይጀምራል። ታዲያ በዚያ ዓመት መስከረም ሊያልቅ ሲል አዲስ ዶማ ተሸክሞ መጣና ከነዚፋ በር ላይ አስደግፎ ቆመ።

«ለቀማው ካለቀ በኋላ ጓሮውን እነቅለዋለሁ። ጫት ነው የምተክልበት።»

«ለምን?»

«ቡና በዓመት አንዴ፣ ጫት ዝናብ ጠብ ባለ ቁጥር። አለቀ።»

«የአባታችን ቡና እኮ ነው፣ ጣሃ!»

«የትኛው የአባታችን ቡና? ሊሙ ወስደን እናራግፈዋለን፤ ከመቶ ሰው ቡና ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያ በማን ስም ባሕር እንደሚሻገር አላህ ይወቅ። ስም ለሌለው ነገር ምን ብዬ ልዘንለት?»

ነዚፋን ያቃጠላት ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። የአባቷ ቡና ለብቻው ሲቀመስ ምን ምን እንደሚል እሷም አታውቅም፤ ይኼን ጥያቄ እስከ ዛሬ አለመጠየቋም ራሷን አስገረማት።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ደረሰ። ሽማግሌዎቹ በርበራው ሥር ተቀምጠው ግራ ቀኙን ሰሙና ቡናው ራሱ ይመስክር አሉ። የጓሮው ቡና ለብቻው ደርቆ ጅማ ወደሚገኘው ቅምሻ ቤት ይሂድ። ቀማሾቹ «ይኼ ራሱን ችሎ በስሙ ይሂድ» ካሉ ጓሮው ይኖራል። «ከክምሩ ይደባለቅ» ካሉ የጣሃ ዶማ ሥራውን ይጀምር።

«ለምን ጅማ ድረስ?» አለች ነዚፋ። «እኛ ምላስ የለንም?»

«አለን እንጂ፣ ልጄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ግን ዕድሜ ልካችንን አክስለን ቆልተን፣ በጨውና በቅቤ ነው የጠጣነው። ምላሳችን ጨውና ቅቤውን ነው የሚያውቀው። ከቡናው ጋር ገና አልተዋወቀም።»

በሰዲ ቡርቃ ቡና የሚለቀመው ቅርንጫፉን ከላይ ወደ ታች በመዳፍ ሸልቅቆ ነው፤ ቀዩም፣ ቢጫውም፣ አረንጓዴውም፣ ቅጠሉም፣ አንዳንዴ እንሽላሊቱም አብሮ ይወርዳል። ነዚፋ በዚያ ዓመት ቀዩን ብቻ፣ አንድ በአንድ በጣቷ ለቀመች። ጎረቤት ሳቀባት። እሷ ግን አንድ አረንጓዴና አንድ ቀይ እሸት ነክሳ አይታ ነበር፤ አረንጓዴው እንጨት እንጨት አላት፣ የቀዩ ልጣጭ ግን ማር ማር አላት። ከዛፉ ላይ ያልጣፈጠ ነገር በምን ተአምር ሲኒ ውስጥ ይጣፍጣል? ከዚያ የለቀመችውን ባልዲ ውኃ ውስጥ ከተተችው። ጤነኛው ሰመጠ፤ ባዶውና ነቀዝ የበላው ተንሳፈፈና ጣለችው። የቀረውን ከቀርከሃ በተሠራ አልጋ ላይ ስስ አድርጋ አሰጣች። ፀሐይ ሲበረታ ትሸፍነዋለች፤ ሲበርድ ትገልጠዋለች፤ በየሰዓቱ ታገላብጠዋለች። አራት ልጆቿ አንድ ላይ የዚያን ያህል አልተገላበጡም።

አባ ጨብሳ በየቀኑ ብቅ እያለ ያያታል። አባ ጨብሳ ከመንደሩ ጫፍ የሚኖር ባለ ጥርኝ ነው። ስምንት ጥርኝ በእንጨት ፍርግርግ ውስጥ ያሳድጋል፤ በየዘጠኝ ቀኑ ከጭራቸው ሥር ዝባድ እየጨለፈ በበሬ ቀንድ ያጠራቅማል፤ ቀንዱ ሲሞላ ለነጋዴ ይሰጣል። ነጋዴው ዝባዱን ወደ ሽቶ ሠሪዎች አገር ይወስደዋል አሉ። ሲቀጥን አበባ አበባ ይላል፤ ሳይቀጥን ግን ያው ጥርኝ ነው። እንግዳ ሰው ሰዲ ቡርቃን የሚያገኛት ጠይቆ ሳይሆን አሽትቶ ነው። የመንደሩ ሰው ግን እዚያው ተወልዶ እዚያው ስላደገ ምንም አይሸተውም። ዓሣን «ረጥበሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ማነው?

አባ ጨብሳ ከዝባድ ሌላ አንድ ሙያ አለው፤ ውሸት። ውሸቱ ግን ማንንም ስለማይጎዳ ሰው ይወድለታል። ትልቁ ጥርኙ ዓርብ ዓርብ ሥጋ ከሰጡት ፊቱን አዙሮ እንደሚጾም፣ ትንሿ ደግሞ የአይሱዙ ድምፅ ሰምታ የጭነቱን ክብደት እንደምትናገር ያወራል። አንድ ቀን የነዚፋን አልጋ ተደግፎ እንዲህ አለ።

«ከባሕር ማዶ አንድ ደሴት አለ። እዚያ ጥርኝ እሸት ቡና ይበላል። ሰዎቹ ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ኩሱን ይለቅማሉ። ከዚያ ውስጥ ፍሬውን ፈልገው፣ አጥበው፣ ቆልተው ይጠጡታል። ከቡና ሁሉ ውዱ ደግሞ እሱ ነው።»

በዚያ የነበሩ ሴቶች ጆሯቸውን ያዙ። «አስተግፊሩላህ! አባ ጨብሳ፣ አሁንስ በዛ!»

ጣሃም «ይኼን ያህል ዋሽቶ ጥርሱ አለመርገፉ» አለ።

ነዚፋ ብቻ «ለምን ይሻላቸዋል?» ብላ ጠየቀች። አባ ጨብሳ ተደናገጠ፤ ውሸቱን አምኖ የጠየቀው ሰው አጋጥሞት አያውቅም።

ቡናው ከተሰጣ ስድስተኛ ቀኑ ላይ፣ በኅዳር፣ ማንም ያልጠራው ዝናብ መጣ። ዘጠኝ ቀን ዘጠኝ ሌሊት ወረደ። እንቁራሪቶች እንኳ «ይብቃን» ብለው ጣሪያ ሥር ገቡ። ነዚፋ ቡናዋን ቤት አስገባች፤ ግን ግማሽ የደረቀ ቡና አንድ ላይ ሲታፈን ላብ ያወጣል፣ ላብ ያወጣ ቡና ይሻግታል። ማድቤቷ ውስጥ እንዳታደርገው ጭሱ ቡናውን ጭስ ጭስ ያሰኘዋል። በሁለተኛው ቀን ፍሬዎቹን ስትዳስስ እጇ ላይ ተጣበቁባት። ጣሃ በዝናቡ ውስጥ ዶማውን ሲስል ድምፁ ከጓሮ ይሰማታል።

በመንደሩ ውስጥ እሳት ቀን ከሌት የማይጠፋበት ቤት አንድ ብቻ ነው። ጥርኝ ከበረደው ዝባድ አይሰጥም፤ ስለዚህ የጥርኞቹ ጎጆ መሃል ላይ ጭስ የሌለው የፍም ክምር ክረምት ከበጋ እንደቀላ ነው። ነዚፋ ቡናዋን በሰፌድ ተሸክማ፣ በላዩ ላይ ጆንያ ደፍታ ወደ አባ ጨብሳ ሮጠች።

«አይሆንም!» አለ አባ ጨብሳ በሩ ላይ ቆሞ። «ከእኔ በቀር የሰው ዓይን እንዳያያቸው ነው። ዓይን ከገባቸው ዝባዱ ይደርቃል። አባቴም አያቴም ለማንም አልከፈቱም።»

«እኔማ አልገባም።»

«እና?»

«ቡናው ይግባ። ቡና ዓይን የለውም።»

አባ ጨብሳ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «ወላሂ ረታሽኝ! ስጪኝ።»

ሰፌዱን ከጎጆው ጣሪያ፣ ከጥርኞቹ ራስ በላይ አንጠለጠለው። ቡናው እዚያ አሥራ ሁለት ቀን ከረመ። አባ ጨብሳ በየማለዳው ወሬ ያመጣል። «ትናንት ትልቁ ጥርኝ ቡናሽን ሲቆጥር አደረ፤ ሁለት ጎድሏል ይልሻል። ትንሿ በላች ብሎ ጠርጥሯታል፤ ተጣልተዋል።»

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቡናው ሲያናውጡት እንደ ጠጠር ተንኳኳ። ነዚፋ ሙቀጫ ውስጥ ወቅጣ ገለባውን አነፈሰች፤ የተሰበረውንና የጠቆረውን ለቅማ ጣለች። ጥሬ ቡናውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ቡና ቡና ይላል። ጣሃ አሸተተው፤ ቡና ቡና ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አሸተተ፤ ቡና ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?

ሰኞ ዕለት ሦስት ሆነው ጅማ ወረዱ። ነዚፋ ቡናውን በአዲስ ከረጢት ይዛ፣ ጣሃ ለፍርዱ ምስክር ሊሆን፣ አባ ጨብሳ ደግሞ «ቡናውን ያሳደግኩት እኔ ነኝ» ብሎ። ቅምሻ ቤቱ ናሙናውን ተቀብሎ ቁጥር ለጠፈበትና «ሐሙስ ኑ» አላቸው። ሦስቱን ቀን ነዚፋና ጣሃ ጅማ ካገባችው ከነዚፋ ልጅ ቤት ሰነበቱ፤ አባ ጨብሳ ከዝባድ ነጋዴው ዘንድ አደረ። ልጅቷ ገና በሩ ላይ «ምን ምን ትላላችሁ እናንተ?» ብላ ልብሳቸውን አስወልቃ በሳሙና ዘፈዘፈችው። ቅር አላቸው እንጂ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ቅምሻ ቤቱ በር ላይ ነጭ ጋወን የለበሰች ወጣት ተቀበለቻቸው። ኢፍቱ ትባላለች፤ ሙያዋ ቡና ቀማሽነት ነው። ነዚፋንና ጣሃን አስገባች፤ አባ ጨብሳ ሲጠጋ ግን እጇን ዘረጋች።

«አባቴ፣ ይቅርታ። ሽቶ የተቀባ ሰው አይገባም።»

«ሽቶ? እኔ? ከሠርጌ ወዲህ ሽቶ ነክቶኝ አያውቅም!»

«ያም ሆኖ በመስኮት ይከታተሉን፣ አባቴ።»

«ለምን?» አለች ነዚፋ፣ ስለ አባ ጨብሳ ተቆርቁራ።

«አፍንጫ እንደ ልጅ ነው፣ አደ ነዚፋ። እንግዳ ነገር ካገኘ ሥራውን ጥሎ እሱን ይከተላል።»

አባ ጨብሳ እያጉረመረመ ዞሮ መስኮቱ ሥር ቆመ፤ ጢሙና ባርኔጣው ብቻ ይታያሉ።

ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከአሥር ቦታ የመጣ ቡና ተደርድሯል፤ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ሲኒ። የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

«ለምን አምስት? አንዱ አይበቃም?»

«አንድ የተበላሸ ፍሬ አንድ ሲኒ ውስጥ ይደበቃል። አምስቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ነው ቡናው የሚታመነው።»

ጣሃ የተቆላውን አይቶ አፍንጫውን ነፋ። «ይኼ አልበሰለም። እንደ ስንዴ ቆሎ ነው የቀላው።»

«ካጠቆርነው፣ ኦቦ ጣሃ፣ የምንቀምሰው ከሰሉን ነው። የሰዲ ቡርቃ ከሰልና የጅማ ከሰል ጣዕሙ አንድ ነው።»

«ለምን ትናንትናውኑ አልጠራችሁንም?» አለች ነዚፋ።

«ትናንት ነው የተቆላው። ከምጣድ የወረደ ቡና ውስጡ ትንፋሽ አለው፤ እሱን እስኪያወጣ ማደር አለበት። ከተፈጨ በኋላ ግን አንጠብቅም። ሽታው እንደ ወፍ ነው፤ በሩ ከተከፈተ ይበራል።» ይህን እያለች ፈጨችው፤ ፈልቶ ጥቂት የበረደ ውኃ ቀጥታ ከዱቄቱ ላይ አፈሰሰችበት። ዱቄቱ ተነፍቶ ከላይ እንደ ቂጣ ጋገረ። አራት ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ አፍንጫዋን እስከ ሲኒው ጠርዝ ዝቅ አድርጋ ቂጣውን በማንኪያ ሰበረችው፤ እንፋሎቱ ቡፍ ብሎ ወጣ። ከላይ የቀረውን አረፋ ገፍፋ፣ በማንኪያ ጨለፈችና «ስስስርርርፕ!» አድርጋ ሳበችው፤ ከዚያ ባልዲ ውስጥ ተፋች።

ጣሃ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እንዲህ አማቶችሽ ፊት ብትጠጪ በዚያው ዕለት ትፈቻለሽ!»

«ለዚህ ነዋ እስካሁን ያላገባሁት» አለች ኢፍቱ ሳትስቅ። «አደ ነዚፋ፣ አፍንጫዎን ይያዙና ይቅመሱ።»

ነዚፋ አፍንጫዋን ጨምድዳ ቀመሰች። መራራ ነገር፣ ትንሽ ኮምጣጣ፤ ሌላ ምንም። «አሁን ይልቀቁት» አለች ኢፍቱ። ለቀቀችው። ባንድ ጊዜ ቤቱ ሁሉ የተከፈተ መሰላት። ማር አለ፣ የደረቀ ሣር አለ፣ ስሙ የጠፋባት አንድ ፍሬም አለ።

«ለምላስ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ቡናን የሚጠጣው አፍንጫ ነው። ስንስበው የምንጮኸው ሽታው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ እንዲወጣ ነው።»

ጣሃም ማንም ሳያየው ማንኪያ አነሳና ከቁጥር አራት ቀምሶ ደረቀ።

«ሎሚ ጨምራችሁበታል!»

«ምንም አልጨመርንም።»

«ሎሚ አለው እኮ!»

«ቡናው ነው፣ ኦቦ ጣሃ።»

«ውሸት!» አለና እንደገና ቀመሰ። ከዚያ እንደገና። በአራተኛው ጉንጭ ላይ አማቶቹን ሁሉ ረስቶ መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ድረስ «ስርርርፕ!» አደረገው። አባ ጨብሳ ከውጭ «ምን ፈነዳ?» ብሎ ጮኸ።

ኢፍቱ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀመሰች። እንደገና ቀመሰች። በዕድሜ የገፋ ባልደረባዋን ጠርታ አስቀመሰችው። ሁለቱ ተያዩ።

«አበባ?» አለች።

«አበባ። ከኋላው ደግሞ ሌላ ነገር… ምን ልበለው… ለስላሳ ቆዳ?»

«በአምስቱም ሲኒ አንድ ነው። እንዲህ ዓይነት ቀምሼ አላውቅም።» መዝገቧን አነሳች። «ይኼ አይደባለቅም። ራሱን ችሎ ይሂድ። ቁጥር ሰባት የማን ነው?» ወረቀቱን ገለጠች። «ነዚፋ አባ ሞጋ።»

ነዚፋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ጣሃ መሬት መሬቱን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ «እሺ» አለ። «ቃል ቃል ነው። ጓሮው ይቆያል።» ይኼን ሲል ፊቱ አልከፋም፤ ገና ምላሱ ላይ ያለውን ሎሚ እያሰበ ይመስላል።

ነዚፋ እዚህ ላይ ዝም ብላ ወደ ቤቷ ብትሄድ ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። ግን ነዚፋ ለምን ናት። አባቷ አንድም አበባ ሳይተክል አበባው ከየት መጣ? ወደ ሰባተኛው ሲኒ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። አፍንጫዋ ሦስት ቀን ሙሉ ከሰዲ ቡርቃ አየር ርቆ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ አዲስ ሆኖ ነበር። እንፋሎቱ ውስጥ መጀመሪያ አበባው መጣ። ከአበባው ኋላ ፍም መጣ። ከፍሙ ኋላ የበሬ ቀንድ፣ እርጥብ ጠጉር፣ ከዚያም በግልጽ፣ በስሙ ቢጠሩት አቤት የሚል፣ አባ ጨብሳ ከነጋቢው።

ቀና ስትል መስኮቱ ላይ ጢሙን አየች።

ማንም አላወቀም፤ ዝም ካለች ስድሳ ሦስቱ እግር ቡና ቆመው ይቀራሉ። ግን የአባ ሞጋ ስም በከረጢት ላይ ተጽፎ ባሕር ሲሻገር፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው የአባ ጨብሳ ጎጆ ሊሆን ነው። ከዚህም የባሰ ያንገበገባት ሌላ ነው። አርባ አምስት ዓመት ሳትጠይቀው የኖረችው ጥያቄ ዛሬም ሳይመለስ ሊቀር ነው።

«ኢፍቱ ልጄ» አለች። «ይኼ ቡናው አይደለም።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዝናቡን፣ ፍሙን፣ ሰፌዱን፣ ስምንቱን ጥርኝ። ኢፍቱ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ወደ መስኮቱ ሄዳ «አባቴ፣ እስቲ ጠጋ ይበሉ» አለች። አባ ጨብሳ ተጠጋ። አንዴ አሸተተችው፣ ወደ ሲኒው ተመለሰች፣ ሲኒውን አሸተተች፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እሱ ነው! አባቴ፣ እርስዎን ነው የቀመስኩት!»

«እና ጣፈጥኩሽ?» አለ አባ ጨብሳ።

«ጥሬ ቡና እንደ ጥጥ ነው» አለች ኢፍቱ ዓይኗን እየጠረገች። «ከጎኑ ያደረውን ሁሉ ይጠጣል። በርበሬ አጠገብ ካደረ በርበሬ፣ ሳሙና አጠገብ ካደረ ሳሙና። ጥርኝ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።» ከዚያ ሳቋ ጠፋ፤ መዝገቡን አየች። «ልሰርዘው ነው፣ አደ ነዚፋ። ባዕድ ሽታ ያለበት ቡና አያልፍም።»

«ሰርዢው» አለች ነዚፋ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አባ ጨብሳ ከመስኮቱ። «ያ ደሴት ላይ ከጥርኝ ኩስ የሚለቀመውስ ቡና? እሱ እንዴት ያልፋል?»

«እሱማ እውነት ነው፤ እንስሳው የእርስዎ ጥርኞች የሩቅ ዘመድ ነው። ቡናውም ውድ ነው።»

አባ ጨብሳ ፊቱ አመድ መሰለ። «እውነት ነው? እኔ እኮ ከአንድ ሹፌር ሰምቼ… ወላሂ ራሴም አላመንኩትም ነበር!» እንዲህ ሳያውቀው እውነት ተናግሮ አያውቅም፤ ቀኑን ሙሉ የተሰረቀ ሰው መስሎ ዋለ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ነዚፋ ዶማውን እያሰበች በመስኮት ታያለች። ጊቤን ሊሻገሩ ሲሉ ጣሃ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሸንፈሽ ነበር እኮ» አለ። «ለምን ተናገርሽ?»

ነዚፋ ዞራ አፈጠጠችበት። ከፊት የተቀመጠው አባ ጨብሳም አንገቱን አዞረ። የአባ ሞጋ ልጅ ጣሃ፣ በሃምሳ ዓመቱ፣ «ለምን» አለ!

«ማወቅ ስለፈለግኩ ነዋ» አለች። «የአባባን ቡና እንጂ የጥርኝን መች ጠየቅኩ።»

ድልድዩን ተሻገሩ። አንድ ዳገት ወጡ።

«ያለ ጥርኙስ» አለ ጣሃ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ምን ይል ይሆን? ሎሚ ይኖረው ይሆን?»

«አላውቅም።»

«መቼ ነው የሚታወቀው?»

«በሚቀጥለው ለቀማ ነዋ። ቡናው ከኖረ።»

ጣሃ ጣቶቹን ቆጠረ፤ ወራት ይሁን ሌላ ነገር፣ አልተናገረም። «ከነቀልኩትማ» አለ በመጨረሻ፣ ራሱን የሚወቅስ ይመስል፣ «እስክሞት ላላውቅ ነው።»

በሚቀጥለው ኅዳር ጣሃ ቀዩን ብቻ፣ አንድ በአንድ ለቀመ። አልጋውን የቆርቆሮ ክዳን ሠራለት። አባ ጨብሳ ከአርባ እርምጃ በላይ እንዳይጠጋ ገመድ አሰረ፤ አባ ጨብሳም ገመዱ ጋ ቆሞ ውሸቱን በጩኸት ሲያስተላልፍ ሰነበተ። ቡናው ጅማ ደርሶ መልሱ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ በርበራው ሥር ተሰበሰቡ። ወረቀቱን አንዱ የተማረ አነበበላቸው፤ «ንጹሕ ቡና፤ ማር፣ ጥቂት ሎሚ። ራሱን ለመቻል ግን ትንሽ ይቀረዋል።»

ነዚፋ አንገቷን ደፋች። ትልቁ ሽማግሌ ወደ ጣሃ ዞሩ። «እንግዲህ ጣሃ፣ ፍርዱ ያው ነው። ዶማህ የታለ?»

«ዶማው ሥራ ላይ ነው» አለ ጣሃ። «ቦይ እየቆፈርኩበት ነው።»

«የምን ቦይ?»

«ከላይ በኩል ጎርፍ ይገባል። ደግሞ ቆዩ፣ ለምን ቀረው? እሱን ጠይቃችኋል? ዋንዛው ሥር ያለው ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፣ አጥሩ ጋ ያለው ግን ፀሐይ ያጣድፈዋል። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ ቀላቅለን ላክን! ሎሚው ከየትኛው ነው? ማሩስ? በሚመጣው ለቀማ ለየብቻ ነው የምናሰጣው።»

ትልቁ ሽማግሌ ጣሃን ትተው ወደ ነዚፋ ዞረው ትከሻቸውን ሰበቁ። «አንዷን አልቻልንም፤ አሁን ሁለት ሆኑ» አሉና ጫማቸውን ፈልገው ተነሱ።

«ነዚፋ!» አለ ጣሃ ቀድሟት ወደ ጓሮው እያመራ። «ነይ እስቲ! ይኼኛው ለምን ድብልብል ብቻ ያፈራል?»

«የፈታ ነው አሉ አባባ!»

«አባባ ዋሽተው ነው!» ሲል ከቡናው ውስጥ ድምፁ መጣ። «አልጋው አይደለም፤ ነይና እዪው!»